ፈቃድና ዕውቀት፤ ከቀዶ ጥገና በፊት የሕመምተኛው ቃል የተጠየቀበት ታሪክ

በጥር ወር 1908 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የውጭ አገሩን ታሪክ የሚመለከቱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወይዘሮ ሜሪ ሽሎንዶርፍ የተባሉ ሴት የሆድ ሕመም አስቸግሯቸው በኒውዮርክ ከተማ ወደሚገኘው ኒውዮርክ ሆስፒታል ገቡ። ሆስፒታሉ በበጎ አድራጎት የቆመ ነበርና ከሕመምተኛዋ የጠየቀው ለማደሪያና ለምግብ በሳምንት 7 ዶላር ብቻ ነበር። ጥቂት ሳምንታት ታክመው ሊወጡ ሲሉ የሆስፒታሉ ሐኪም አንድ እብጠት አገኘባቸው፤ ኋላም ፋይብሮይድ የሚባለው ዕጢ መሆኑ ታወቀ። ቀዳጅ ሐኪሙ ኦፕራሲዮን እንዲደረግ መከሩ። ሕመምተኛዋ እንደ ተናገሩት፣ የዕጢው ጠባይ በውል ሊታወቅ የሚችለው በኤተር ደንዝዘው ሲመረመሩ ነው ስለ ተባሉ ለምርመራው ተስማሙ፤ ኦፕራሲዮን ግን እንዳይደረግባቸው በግልጽ አስታወቁ። ከነበሩበት ክፍል ወደ ቀዶ ጥገናው ዋርድ ተዛወሩ። የሌሊት ተረኛዋ ነርስ ስታሰናዳቸው ይህንኑ ለእርሷ ነገሯት። በማግሥቱም ማደንዘዣውን ለሚሰጠው ሐኪም ደገሙለት። ይህ ሁሉ ሆኖ ደንዝዘው ሳሉ ዕጢው ወጣ። ከዚያ በኋላ በግራ ክንዳቸው ላይ ጋንግሪን ተፈጥሮ ከጣቶቻቸው አንዳንዶቹ ተቆረጡ።

ክሱ እስከ ኒውዮርክ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደርሶ በሚያዝያ 1914 ፍርድ ተሰጠበት። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ቤንጃሚን ካርዶዞ ነበሩ። ዕድሜው ለአካለ መጠን የደረሰና አእምሮው የተስተካከለ ሰው ሁሉ በገዛ አካሉ ላይ ምን እንዲደረግ ራሱ የመወሰን መብት እንዳለው፣ ያለ ሕመምተኛው ፈቃድ ኦፕራሲዮን የሚያደርግ ቀዳጅ ሐኪምም የእጅ እልፊት እንደ ፈጸመ ተቆጥሮ ለካሣ እንደሚጠየቅ በአንድ ዓረፍተ ነገር አሰፈሩ። ይህች ዓረፍተ ነገር ከዚያ ወዲህ በሕክምና ሥነ ምግባር መጻሕፍትም ሆነ በፍርድ ቤቶች ውሳኔ ስትጠቀስ ትኖራለች። ጠቃሾቿ ብዙውን ጊዜ የሚዘነጉት ነገር ቢኖር ወይዘሮ ሽሎንዶርፍ ክሱን አለማሸነፋቸውን ነው። ከሆስፒታሉ ሰባራ ሳንቲም ሳያገኙ ነበር የተመለሱት።

ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

በእንግሊዝ አገር በ1767 ስሌተር የተባለ አንድ እግሩ የተሰበረ ሰው ክስ አቅርቦ ነበር። ስብራቱ ተጠግኖ አጥንቱ መጋጠም ጀምሯል። ሰውዬው የፈለገው ፋሻው እንዲፈታለት ብቻ ነበር። የተጠሩት ሐኪሞች፣ ይኸውም በለንደን የቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል ቀዳጅ የነበሩት ቤከርና መድኃኒት ቀማሚው ስቴፕልተን፣ የገጠመውን አጥንት እንደ ገና ለያይተው እግሩን ለመዘርጋት ጥርስ ያለው የብረት መሣሪያ አሰሩበት። ለምስክርነት የቀረቡት ሌሎች ቀዳጆች ሕመምተኛውን ሳያስፈቅዱ የገጠመ አጥንት መለያየት የማይገባ መሆኑን ተናገሩ። ፍርድ ቤቱም ይህን የቀዳጆች ልማድና ሕግ ብሎ ተቀበለውና 500 ፓውንድ የተፈረደው ካሣ ጸና። ለዛሬ አንባቢ አስገራሚ የሚሆነው ፍርድ ቤቱ የሰጠው ምክንያት ነው። ሕመምተኛው አስቀድሞ ሊነገረው የሚገባው ልቡን አጽንቶ፣ ራሱን አዘጋጅቶ ሥቃዩን ለመቻል እንዲበቃ ነው ተባለ። የመብት ነገር ገና አልተነሣም።

ምክንያቱ ግን በጊዜው ከነበረው የሥራ ጠባይ ጋር የሚስማማ ነበር። ማደንዘዣ ባልነበረበት ዘመን ሕመምተኛው ነቅቶ ነው የሚቀደደው። ይጮኻል፤ ይታገላል፤ የያዙትን ሰዎች ይገፈትራል። ተስማምቶና ቆርጦ ያልተኛን ሰው መቅደድ ለቀዳጁም እጅ አይመችም። በኢትዮጵያ ወጌሻ የወለቀ ትከሻ ሲመልስ ወይም የተሰበረ እግር ሲያቃና ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። ወጌሻው ከመጀመሩ በፊት ለተጎጂው ይነግረዋል፤ ዘመዶቹም አይዞህ እያሉ ይይዙታል፤ ጥርሱን ነክሶ ይሁን ካላለ ሥራው አይሠራም። ፈቃድ በዚያ ዘመን ከሁሉ አስቀድሞ የሥራ መሣሪያ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጥቅምት 16 ቀን 1846 በቦስተን ከተማ በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል የጥርስ ሐኪሙ ዊልያም ሞርተን አንድን ወጣት በኤተር አደንዝዘው ቀዳጁ ጆን ኮሊንስ ዋረን ከአንገቱ ላይ የነበረውን ዕጢ ቀደዱ። ይህ ቀን በሕክምና ታሪክ ውስጥ ሥቃይ ድል የተነሣበት ቀን ተብሎ ይወሳል፤ ሊወሳም ይገባዋል። ሆኖም ያ ቀን ሌላም ነገር አስከትሎ መጥቷል። ሕመምተኛው ዝም አለ። ቀዳጁ በሰላም የመሥራት፣ በሥራው መካከል ያላሰበውን ነገር ሲያገኝም ሐሳቡን ለውጦ የመቀጠል ነጻነት አገኘ። ከዚያ በኋላ ጀርሞችን የመከላከሉ ዘዴ ሲጨመርበት ሆድንና ማኅፀንን መክፈት የዕለት ተግባር እየሆነ ሄደ። ስለዚህም በሃያኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ ፍርድ ቤት ከደረሱት የታወቁ የአሜሪካ ክሶች አብዛኞቹ የደነዘዘን ሰው የሚመለከቱ መሆናቸው የአጋጣሚ ነገር አይደለም።

ከአሜሪካኖቹ በፊት የጀርመን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1894 አንድ ከባድ ጉዳይ አይቶ ነበር። የአንድ ሕፃን እግር በነቀርሳ ተይዞ ቀዳጁ አባቱ እየተቃወመ ኦፕራሲዮን አደረገ። ሥራው በሙያው ደንብ የተከናወነ፣ ውጤቱም የተሳካ ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን ፈቃድ ያልተሰጠበት ቀዶ ጥገና ምንም ያህል ቢሳካ በሕግ ፊት የአካል ጉዳት ነው ሲል ወሰነ። ብዙ ሐኪሞች ቢላዋ በያዘ ወንበዴና ቢላዋ በያዘ ሐኪም መካከል ልዩነት ጠፋ ወይ ብለው ተቆጡ። ቁጣቸው ሊገባ የሚችል ነው። ዳኞቹ የተናገሩት ግን ስለ ቢላዋው ወይም ስለ ቀዳጁ ልብ አልነበረም፤ አካሉ የማን ነው ስለሚለው ጥያቄ ነበር።

በ1905 የሚኒሶታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወይዘሮ አና ሞርን ክስ ሰማ። ቀኝ ጆሯቸው ታሞ ዶክተር ዊልያምስ ዘንድ ሄደው ቀኝ ጆሯቸው እንዲቀደድ ተስማሙ። ከደነዘዙ በኋላ ሐኪሙ ሲመረምሩ ግራው ጆሮ ከቀኙ ይልቅ የከፋ ሆኖ አገኙት። በወይዘሮዋ ጥያቄ በሥፍራው የነበሩትን የቤተሰባቸውን ሐኪም አማክረው ግራውን ቀደዱ። ሥራው በጥንቃቄ የተሠራ ነበር። ከሕዝብ የተውጣጡት ፈራጆች 14,322 ዶላር ከ50 ሳንቲም እንዲከፈል ፈረዱ። ገንዘቡ በዝቷል ተብሎ ጉዳዩ እንደ ገና እንዲታይ ቢታዘዝም፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መሠረተ ነገሩን አጸናው። ለሕይወት የሚያሰጋ አስቸኳይ ነገር ሲያጋጥም ሐኪሙ ሳያስፈቅድ ሊሠራ እንደሚችል፣ የወይዘሮ ሞር ግራ ጆሮ ግን ሌላ ቀን ሊጠብቅ ይችል እንደ ነበር አስረዳ። ተኝተው ሳሉ መወሰን ለምን አስፈለገ? ሲነቁ መጠየቅ ይቻል ነበርና።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1906፣ የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያየው ጉዳይ ከዚህ ይብሳል። ወይዘሮ ዴቪስ የሚጥል በሽታ ነበረባቸው። ዶክተር ፕራት በ1896 ማኅፀናቸውን አወጡት። ሕመምተኛዋ ይህ እንደሚደረግባቸው አያውቁም ነበር፤ ሐኪሙም ሆን ብለው እንዳታለሏቸው አልካዱም። መከላከያቸው የባል ፈቃድ ነበር፤ ባልየው ሚስቱን ለሕክምና አምጥቶ ካስረከበ የቀረውን ሁሉ ለሐኪሙ እንደ ተወ ይቆጠራል አሉ። ፍርድ ቤቱ ይህን አልተቀበለም፤ 3,000 ዶላር ካሣም ጸና። ሕመምተኛዋ ራሳቸው ለመጠየቅና ለመመለስ የሚችሉ ሆነው ሳለ ስለ እርሳቸው ሌላ ሰው መጠየቁ ያኔም ልማድ ነበር፤ ልማዱም በአሜሪካ ብቻ የተወሰነ አልነበረም።

እንግዲህ የሽሎንዶርፍ ክስ የደረሰው በእነዚህ ተራምዶ ነው። ዳኛ ካርዶዞ ያለ ፈቃድ መቅደድ የእጅ እልፊት ነው ሲሉ አዲስ ሕግ ማውጣታቸው አልነበረም፤ ሌሎች ያሉትን አሳምረው መናገራቸው ነበር። ሆስፒታሉን ግን ነጻ አወጡት። የሕመምተኛዋ ቃል በቀዳጁ፣ በሆስፒታሉ ሐኪምና በብዙ ነርሶች ምስክርነት የተስተባበለ ቢሆንም፣ ፍርድ ቤቱ የእርሳቸውን ቃል እንደ እውነት ይዞ ነው ነገሩን የመረመረው። እንዲህም ሆኖ፣ በበጎ አድራጎት የቆመ ሆስፒታል ሐኪሞችን ለሕመምተኞች ያቀርባል እንጂ የሐኪሞቹ ጌታ አይደለም፤ ስለዚህ በሐኪሞቹ ጥፋት አይጠየቅም ተባለ። ለማደንዘዣው ሐኪም የተነገረውም ቃል ለሆስፒታሉ እንደ ተነገረ አይቆጠርም ተባለ። የሌሊት ተረኛዋስ ነርስ? ነርሷ የቀዳጆቹን ትእዛዝ የምትፈጽም ናት፤ ያለ ፈቃድ ሊቀድዱ ነው ብላ የምትጠረጥርበትም ምክንያት አልነበራትም፤ ኦፕራሲዮን ሊደረግለት በቀረበ ሕመምተኛ አፍ በሌሊት የሚወጣ ቃል ሁሉ ለአስተዳደሩ የሚደርስ ማስጠንቀቂያ አይደለም ተባለ። ወይዘሮ ሽሎንዶርፍ ሐኪሞቹን ሳይሆን ሆስፒታሉን ነበር የከሰሱት። ስለዚህ መብታቸው በደማቅ ቀለም ተጻፈ፤ እርሳቸው ግን ባዶ እጃቸውን ቀሩ። የኒውዮርክ ፍርድ ቤት ሆስፒታሎችን ከተጠያቂነት የሚያድነውን ይህን ደንብ የሻረው በ1957 ነበር።

ከ1914 በኋላ አርባ ዓመት ያህል ጥያቄው አልተለወጠም። ዳኞች የሚጠይቁት ሕመምተኛው ተስማምቷል ወይስ አልተስማማም የሚለውን ብቻ ነበር። «እሺ» ካለ አለቀ። «እሺ» ያለው ምን ሲነገረው ነው፣ ምንስ ሳይነገረው ቀርቶ ነው የሚል አልነበረም። በ1947 በኑረምበርግ የናዚ ሐኪሞች ሲዳኙ የወጣው ደንብ የሰውን ፈቃድ ከዕውቀት ጋር አያይዞ ነበር፤ ነገር ግን በሰው ላይ የሚደረገውን ምርምር የሚመለከት ስለ ነበረ፣ የዘወትር ሕክምናን የሚሠሩ ሐኪሞች ለራሳቸው እንደ ተነገረ አልቆጠሩትም።

ጥያቄው የተለወጠው በካሊፎርኒያ ነው። ማርቲን ሳልጎ የተባሉ የ55 ዓመት ሰው ትልቁ የደም ሥራቸው በራጅ እንዲታይ በጀርባቸው በኩል መድኃኒት ተወጋላቸው፤ በማግሥቱ ሲነቁ ግን እግሮቻቸው አልታዘዝ አሉ። ስለ አደጋው አስቀድሞ የነገራቸው ሰው አልነበረም። በ1957 የተሰጠው ፍርድ ሐኪም ሕመምተኛው በዕውቀት ላይ የተመሠረተ ፈቃድ ለመስጠት የሚያስፈልገውን ነገር መደበቅ እንደማይገባው ሲገልጽ፣ ዛሬ በየሆስፒታሉ የሚነገረው ሐረግ ለመጀመሪያ ጊዜ በፍርድ ቤት ቃል ውስጥ ገባ። ለሙያ ማኅበር አባላት ልዩ ትርጉም የሚኖረው የሐረጉ ምንጭ ነው። የዬል ዩኒቨርሲቲው ጄይ ካትዝ እንዳሳዩት፣ ዳኛው ቃሉን የወሰዱት የአሜሪካ ቀዳጅ ሐኪሞች ኮሌጅ ለፍርድ ቤቱ ካቀረበው የጽሑፍ አስተያየት ነበር። በኋላ ብዙ ሐኪሞች የጠበቆች ፈጠራ እያሉ ያማረሩበት ሐረግ ከገዛ ማኅበራቸው ወረቀት የተቀዳ መሆኑ ነው። በዚያው ጽሑፍ ግን ሐኪሙ ሕመምተኛውን ላለማስደንገጥ ምን ያህል እንደሚነግረው ራሱ ያመዛዝናል የሚል ሐሳብ አብሮ ነበረበት፤ ፍርድ ቤቱ ሁለቱንም እንደ ተጣመሩ ተቀበላቸው። ሁለቱ በአንድ ቤት ሊኖሩ ይቻላቸው እንደ ሆነ ግን አላስረዳም።

ከሦስት ዓመት በኋላ የካንሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወይዘሮ ኢርማ ናታንሰንን ጉዳይ አየ። ጡታቸው በካንሰር ምክንያት ከተወገደ በኋላ በኮባልት ጨረር ሲታከሙ ደረታቸው ክፉኛ ተቃጥሏል። ፍርድ ቤቱ የማስረዳት ግዴታ አለ ብሎ፣ የግዴታው መጠን ግን ሌላ ጠንቃቃ ሐኪም በሥፍራው ቢሆን ይነግር በነበረው ልክ ነው አለ። መለኪያው በሐኪሞች እጅ ቀረ ማለት ነው። ማንም የማይናገር ከሆነ አለመናገሩ ራሱ ደንብ ይሆናል።

ይህን መለኪያ የሰበረው የአንድ የ19 ዓመት ወጣት ነገር ነው። ጄሪ ካንተርበሪ በዋሽንግተን በፌዴራል ምርመራ ቢሮ የጽሕፈት ሥራ ይሠራ ነበር። የጀርባ ሕመም ስላስቸገረው ዶክተር ስፔንስ ዘንድ ቀረበ። በየካቲት 1959 ሐኪሙ ከአከርካሪው አጥንት ላይ የሚቀደድ ነገር እንዳለ ነገሩት። እናቱ በዌስት ቨርጂኒያ ገጠር የሚኖሩ ባል የሞተባቸው ሴት ነበሩ። በስልክ ተነጋግረው ነገሩ ከባድ ነው ወይ ብለው ቢጠይቁ፣ ሐኪሙ ከማንኛውም ኦፕራሲዮን የከፋ አይደለም አሏቸው። እናትየው ገሥግሠው ዋሽንግተን ሲደርሱ ኦፕራሲዮኑ አልቆ ነበር። ያኔ የፈቃድ ወረቀቱ ቀረበላቸውና ፈረሙ።

ይህ ነጥብ ሳይቆሙበት የሚታለፍ አይደለም። ወረቀቱ በመዝገቡ ውስጥ አለ፤ ፊርማውም እውነተኛ ነው፤ ቀኑም ያው የኦፕራሲዮኑ ቀን ነው። መዝገቡን በኋላ የሚመለከት ሰው ሁሉ በደንቡ የተሠራ ሥራ ነው ማለቱ አይቀርም። ይሁንና ያ ፊርማ ከተፈጸመ ነገር በኋላ የተገኘ፣ ከሕመምተኛው ሳይሆን ከእናቱ የመጣ፣ ስለ አደጋውም አንዳች ቃል ያልተነገረበት ነበር። ፈቃድ ማለት ወረቀት ነው ብሎ ለሚያምን ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም።

በማግሥቱ ወጣቱ ሽንቱን ለመሽናት ሲሞክር ረዳት በአጠገቡ ሳይኖር፣ አልጋውም የጎን መከላከያ ሳይኖረው ወደቀ። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ወዲያው ሁለተኛ ኦፕራሲዮን ተደረገለትና ጥቂት ተሻለው፤ ነገር ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ክሱ ሲሰማ በክራንች የሚሄድ፣ ሽንቱንም መቆጣጠር የማይችል ሰው ነበር። ዶክተር ስፔንስ በምስክርነታቸው እንዲህ ባለው ኦፕራሲዮን ሽባነት ከመቶ አንድ ያህል ሊያጋጥም እንደሚችል አመኑ። ያልነገሩበትንም ምክንያት ገለጹ፤ ሕመምተኛው ፈርቶ የሚያስፈልገውን ሕክምና እንዳይሸሽ፣ መንፈሱም እንዳይታወክ ነው አሉ። ይህ የክፉ ሰው መልስ አይደለም። ብዙ ደግ ሐኪሞች በየአገሩ የሚሰጡት መልስ ነው።

በ1972 ዳኛ ስፖትስዉድ ሮቢንሰን የጻፉት የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ውሳኔ መለኪያውን ከሐኪሙ ወንበር አንሥቶ ከሕመምተኛው አልጋ አጠገብ አኖረው። መነገር ያለበት ሐኪሞች የመናገር ልማድ ያላቸው ነገር ሳይሆን፣ በሕመምተኛው ቦታ የሆነ ልባም ሰው ለመወሰን ክብደት የሚሰጠው ነገር ነው ተባለ። ከመቶ አንድ ለቀዳጁ የሥራው አካል የሆነ ትንሽ ቁጥር ነው፤ በሃያ ዓመቱ ሽባ ሊሆን ለሚችል ሰው ግን ቁጥሩ ሌላ መልክ አለው። ጉዳዩ እንደ ገና እንዲታይ ተመለሰ። ሁለተኛው ችሎት የፈረደው ግን ለሐኪሙና ለሆስፒታሉ ነበር። ጄሪ ካንተርበሪም እንደ ወይዘሮ ሽሎንዶርፍ ስሙ በሕግ መጻሕፍት ቀረ እንጂ ካሣ አላገኘም።

እንግሊዞች ወደዚህ ሥፍራ የደረሱት ዘግይተው ነው። በ1985 የሎርዶች ምክር ቤት የወይዘሮ ሲዳዌይን ጉዳይ አይቶ መለኪያውን ባመዛኙ ለሐኪሞች ተወው። እኒህ ሴት በአከርካሪ ኦፕራሲዮን ምክንያት የአካል ጉዳት የደረሰባቸው ሲሆኑ፣ ክሱ ሲሰማ ቀዳጃቸው በሞት ተለይተው ስለ ነበር ምን እንደ ነገሯቸው ሊጠየቁ አልቻሉም። ሕጉ የተለወጠው በ2015 በስኮትላንዳዊቷ ወይዘሮ ናዲን ሞንትጎመሪ ጉዳይ ነው። ሰውነታቸው ትንሽ፣ የስኳር በሽታም ያለባቸው ነፍሰ ጡር ነበሩ። ለእንዲህ ያሉ እናቶች የሕፃኑ ትከሻ በምጥ ጊዜ የመያዙ ዕድል ከመቶ 9 እስከ 10 ይደርሳል። ሐኪማቸው ይህን አልነገሯቸውም፤ ምክንያታቸውም ቢነገራቸው እናቶች ሁሉ ሆድ ተቀድዶ መውለድን ይመርጣሉ የሚል ነበር። ሕፃኑ በ1999 ሲወለድ ትከሻው ተይዞ ለ12 ደቂቃ አየር አጣና ዕድሜ ልኩን የሚዘልቅ ጉዳት ደረሰበት። ምክንያቱን ልብ ላለ ሰው፣ ያልተነገራቸው ነገር ቢነገራቸው ምን እንደሚመርጡ ስለ ታወቀ ነው ሳይነገራቸው የቀረው።

በኢትዮጵያ የጉዳዩ ታሪክ በፍርድ ቤት ክርክር ሳይሆን በሕግ መጽሐፍ ይጀምራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ20ኛው አንቀጹ ማንኛውም ሰው የሕክምና ወይም የቀዶ ጥገና ምርመራ ወይም ሕክምና እንዳይደረግበት በማናቸውም ጊዜ እምቢ ለማለት እንደሚችል ይደነግጋል፤ ለሕዝብ ጥቅም የሚደረገውን የግዴታ ክትባትና የመሳሰለውን፣ እንዲሁም ሞግዚት ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ የሚወስደውን ውሳኔ ለይቶ አውጥቷል። ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። የወጣበት ዓመት የካንሳስ ፍርድ ቤት የወይዘሮ ናታንሰንን ጉዳይ የወሰነበት ዓመት መሆኑ የሚያስደንቅ መገጣጠም ነው። ያው ሕግ ስለ ሕክምና ውል በሚናገርበት ምዕራፍ የሕክምና ድርጅት በሚያሠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶች ጥፋት በሕመምተኛው ላይ ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ስለሚገልጽ፣ ወይዘሮ ሽሎንዶርፍን ባዶ እጃቸውን የመለሰው ደንብ በኢትዮጵያ ቦታ አላገኘም።

አንቀጽ 20 ግን ስለ እምቢታ እንጂ ስለ ማስረዳት አይናገርም። እምቢ ለማለት የሚያበቃው ዕውቀት ከየት እንደሚገኝ አልጠቀሰም። ይህ ጉድለት የኢትዮጵያ ሕግ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ዓመት የትኛውም አገር ከዚህ ብዙ አልራቀም ነበር። በዕውቀት ላይ የተመሠረተ ፈቃድ በኢትዮጵያ የጤና ቁጥጥር ሕግ ውስጥ በስሙ ተጠርቶ የገባው ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ቆይቶ በወጣው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299/2006 ነው።

በሕጉና በዋርዱ መካከል ያለው ርቀት ግን በደንብ ቁጥር አይለካም። በኢትዮጵያ ልማድ ከባድ ወሬ ለሕመምተኛው አይነገርም፤ ለታላቅ ወንድም፣ ለአጎት ወይም ለባል ተነግሮ እነርሱ ተመካክረው የሚበጀውን ይወስናሉ። ይህን ልማድ የዶክተር ፕራትን መከላከያ እንደ መድገም አድርጎ መመልከት ፍርደ ገምድልነት ነው። ዘመድ በሽተኛውን በቃሬዛ ተሸክሞ ያመጣው፣ ሌሊቱን ወለል ላይ ተኝቶ ያስታመመው፣ ደሙን የሰጠው፣ መድኃኒቱን ከውጭ ገዝቶ ያመጣው ነው። ለሕመምተኛው መደንገጥ ማሰቡም ከፍቅር ነው። ይሁን እንጂ የሚቀደደው የአጎት ሆድ አይደለም፤ ማኅፀኗ የሚወጣው ሴትም ዳግመኛ እንደማትወልድ ከባሏ በኋላ የምትሰማበት ምክንያት ሊኖር አይገባም። ልምድ ያላቸው ሐኪሞች መካከለኛ መንገድ ሲያበጁ ይታያል። መጀመሪያ ሕመምተኛውን ለብቻ ያነጋግራሉ፤ ማን እንዲሰማለት እንደሚፈልግ ይጠይቁታል፤ ከዚያም እርሱ የጠራቸውን ዘመዶች አስቀምጠው በፊቱ ያስረዳሉ።

ሌላው እንቅፋት «እሺ» የምትባለው ቃል ናት። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ሲናገር ገበሬው ቆቡን አውልቆ «ከእግዚአብሔር በታች እርስዎ ያውቃሉ» ይላል። ይህ አክብሮት ነው፤ እምነትም ነው፤ ግን የቀረበለትን ነገር ተረድቶታል ማለት አይደለም። ወረቀቱ የተጻፈበትን ቋንቋ የማያነብ ሰው አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትማል። ቀዳጁ የሚናገረው በአማርኛ፣ ሕመምተኛው የሚሰማው በኦሮምኛ ወይም በሲዳምኛ ሲሆን አስተርጓሚ ሆኖ የሚጠራው ብዙ ጊዜ በአቅራቢያው የተገኘው ሰው ነው፤ ዘበኛው፣ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ የጎረቤት አልጋ አስታማሚ። «አንጀትህ ከተጎዳ ተቆርጦ ሰገራህ በሆድህ በኩል ሊወጣ ይችላል» የሚለው የሐኪሙ ቃል ወደ ሕመምተኛው ጆሮ ሲደርስ «ሆድህን ያክሙሃል፤ አትፍራ» ሆኖ መገኘቱን የሚያውቀው አስተርጓሚው ብቻ ነው። ሕመምተኛውም ሲነቃ ያውቀዋል።

አንዳንድ ቀዳጆች ይህን ለመከላከል ሕመምተኛው የሰማውን በራሱ አፍ መልሶ እንዲናገር ይጠይቁታል። ምን ሊደረግልህ ነው? የት ላይ? ምን ሊደርስብህ ይችላል? ባይደረግልህስ? ከአምስት ደቂቃ የማይበልጥ ነገር ነው፤ በአምስቱ ደቂቃ ውስጥ ግን ከፊርማው የማይገኘው ሁሉ ይገኛል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ጥያቄና መልስ ቀን በዙር ሰዓት፣ ተማሪዎችና ረዳቶች በተሰበሰቡበት ሲደረግ ሕመምተኛው አንገቱን ይነቀንቃል እንጂ አይጠይቅም።

ማታ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሐኪሞቹ ሄደዋል፤ መብራቱ ደብዝዟል፤ «ከእኩለ ሌሊት በኋላ ውሃም እንዳትቀምስ» ተብሏል። የሌሊት ተረኛዋ ነርስ ግፊቱን ልትለካ ስትመጣ፣ ነገ ኦፕራሲዮን የሚደረግለት ሰው እጇን ይዞ «እኅቴ፣ ግን ምንድን ነው የሚያደርጉኝ?» ብሎ የሚጠይቀው ያን ጊዜ ነው።